ለጎንደር ዳገት የመኪናዎን ጉልበትና ክብደት እንዴት ያሰላሉ?

መኪና ቶሎ ፍጥነት የምትይዘው በፈረስ ጉልበቷ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ወሳኙ እያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት የሚሸከመው ኪሎ ነው። ክብደቱን በፈረስ ጉልበቱ ያካፍሉ። ጉልበቱ በኪሎዋት ከተጻፈ መጀመሪያ በ1.36 ያባዙት።

1000 ኪሎ የምትመዝን፣ 70 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና እንውሰድ፤ ለአንዱ 14 ኪሎ ገደማ ይደርሰዋል። ሰውና ሻንጣ 350 ኪሎ ሲጨምርባት ወደ 19 ይወጣል። ባዶዋን በ10 ሰከንድ የምትደርስበት ፍጥነት አሁን 13 ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጅባታል።

ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናትና አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል፤ 70 የነበረው 56 ይሆናል፣ ሸክሙም ለአንዱ 24 ኪሎ። ቱርቦ ያለው ይህ ጉድለት ብዙም አይሰማውም። ወደ ደባርቅ ለሚመላለስ ሰው ቱርቦ ትልቅ ጥቅም አለው።

ዳገቱ ደግሞ የራሱን ይወስዳል። በ100 ሜትር 6 ሜትር በሚወጣ መንገድ ላይ፣ ይህችው የተጫነች መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እንደያዘች ለመቀጠል ለሽቅቡ ብቻ 18 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያስፈልጋታል። የአየርና የጎማ ሰበቃ ሲታከልበት፣ የሞተሩ ዙር ዝቅ ካለ ለመቅደም የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት ማርሽ ይቀንሱ። ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው ዙሩ ከፍ ሲል ነው፤ በ4ኛ ማርሽ ነዳጅ ቢረግጡ ያጉረመርማል እንጂ አይፈተለክም። ኤሲውንም ያጥፉ።

ባዶ ሆናም ከደከመች የአየር ማጣሪያውን፣ ካንዴላውንና የጎማውን ንፋስ ያስፈትሹ። ዙሩ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልተከተለ ግን ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው።