ለመርከብ ሽርሽር የማታ ልብስ እንዴት እንደሚዘጋጅ

ውጭ አገር የምትኖረው እህቴ እናታችንንና እኔን ከማያሚ ተነስቶ የካሪቢያን ደሴቶችን ለሚዞር የ7 ሌሊት የመርከብ ጉዞ በጋበዘችን ጊዜ፣ ከቪዛው ጣጣ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ በጉዞው ወረቀት ላይ የሰፈረው የማታ አለባበስ ደንብ ነበር። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ተወልዶ ላደገ ሰው ልብስ በመጀመሪያ የብርድ መከላከያ ነው፤ ለእራት የሚለበሰው ልብስ እንደየምሽቱ እንደሚለያይ ያስረዳን ሰው አልነበረም። በዚያ ጉዞ የተሳሳትኩትንና በሁለተኛው ጉዞ ያረምኩትን፣ በልጆቻቸው ወይም በእህት ወንድሞቻቸው ተጋብዘው ለሚሄዱ የአካባቢዬ ሰዎች እንዲጠቅም በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

ደንቡ ራሱ ሊያስፈራ አይገባም። እኛም ልብስን በደንብ የምንለብስ ሕዝብ ነን፤ ነጠላ የምትለብስ ሴት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ መስቀለኛ ታጣፋለች፣ ለቅሶ ስትደርስ ጥለቱን ወደ ላይ አውጥታ ትከሻዋንና አንገቷን ትከብበታለች፣ በታላቅ ሰው ፊት ስትቆም ታደገድጋለች። ነጠላው ያው አንዱ ነጠላ ሆኖ ሳለ አለባበሷ ወዴት እንደምትሄድ ይናገራል። የመርከቡም ደንብ የሚጠይቀው ምሽቱን ያከበረ ልብስ ነው፤ የልብሱን ዋጋ የሚመረምር የለም።

ደረጃ 1፦ ቁም ሣጥን ከመክፈት በፊት የድርጅቱን ደንብ ማንበብ

ሁሉም የመርከብ ድርጅቶች አንድ ዓይነት ደንብ የላቸውም፤ ስለዚህ «የመርከብ ልብስ ይህ ነው» ብሎ በደፈናው የሚመክር ዘመድ ቢያጋጥም የትኛው ድርጅት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ1840 የተመሠረተው የእንግሊዙ ኩናርድ ጥብቅ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ የማታው ደንብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በአብዛኛው የመርከቡ ክፍል ይሠራል፤ «ጋላ» በሚላቸው ምሽቶች ደግሞ ከፍ ያለ የክብር ልብስ ይፈልጋል። በአንጻሩ ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን የክብር ልብስ ግዴታ የሚሆንበት ምሽት የለውም። ካርኒቫል በመካከል ላይ ያለ ነው፤ በአጭር ጉዞ አንድ፣ በሳምንት ጉዞ ደግሞ ሁለት «ኤለጋንት» ምሽቶች አሉት። ደንቦቹ ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚሻሻሉ፣ ከጋባዡ ሰው የሚላከውን የጉዞ ማረጋገጫ ይዞ የራሱን የድርጅቱን ገጽ ማንበብ ወይም ልጆችን ማስነበብ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ለእኛ ብቻ የሚሆን ማሳሰቢያ አለ። በየምሽቱ ወደ ክፍል የሚመጣው የነገ ፕሮግራም የምሽቱን አለባበስ ከነሰዓቱ ይገልጻል፤ 6፡00 ተብሎ የተጻፈው እራት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ነውና ልብስ ለመቀየር የቀረውን ጊዜ በዚያው ልክ ማስላት ያስፈልጋል።

ደረጃ 2፦ ቃላቱን መፍታትና ምሽቶቹን መቁጠር

በወረቀቱ ላይ የሚገኙት ቃላት ብዙ ቢመስሉም በሦስት ይጠቃለላሉ። «ካዡዋል» ማለት ንጹሕና ያልተቀደደ የዘወትር ልብስ ነው፤ ሆኖም በዋናው የእራት አዳራሽ የመዋኛ ልብስ፣ የወንድ እጅጌ የለሽ ካኒቴራና ብዙ ጊዜም ቁምጣ ተቀባይነት የላቸውም። «ስማርት ካዡዋል» ለወንድ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ከሱፍ ሱሪ ጋር፣ ለሴት ደግሞ ጉርድ ቀሚስ ከሸሚዝ ጋር ወይም ደህና ሙሉ ቀሚስ ነው፤ አንድ አስተማሪ ለወላጆች ስብሰባ የሚለብሰውን ልብስ ማሰብ በቂ ነው። «ፎርማል»፣ «ጋላ» ወይም «ኤለጋንት» የሚባለው ለሠርግ የምንለብሰው ነው። ለወንድ ቶክሲዶ (ከቢራቢሮ ክራቫት ጋር የሚለበስ ጥቁር የምሽት ሙሉ ልብስ) የሚለው ቃል ስለሚጻፍ ብዙዎች ይደነግጣሉ፤ ጠቆር ያለ ሙሉ ልብስ ከክራቫት ጋር ግን በኩናርድ መርከብ ላይ እንኳ ይበቃል። ለአንድ ሳምንት ጉዞ ብሎ ቶክሲዶ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ።

በ7 ሌሊት ጉዞ የክብር ምሽቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው፤ የሚውሉትም መርከቡ ወደብ ሳይነካ በባሕር ላይ በሚውልባቸው ቀናት ነው። ከክብር ልብስ አንድ ጥሩ ልብስ ይበቃል፤ በሁለተኛው ምሽት ነጠላውን ወይም ክራቫቱን መቀየር ልብሱን ሌላ ያስመስለዋል። አራት የክብር ልብስ የጫነ ሰው ቢያንስ ሁለቱን ሳይለብስ ይመልሳል።

ደረጃ 3፦ ከራስ ቁም ሣጥን መምረጥ

የሐበሻ ቀሚስ የክብር ልብስ ነው። ኩናርድ በጋላ ምሽቶች የየአገሩን ባህላዊ የክብር ልብስ እንደሚቀበል በደንቡ ጽፏል፤ በሌሎች ድርጅቶች ለሚሄድ ሰው ጋባዡ አስቀድሞ በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን ቢይዝ ይሻላል። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ በአንገትና በደረት ላይ ጥልፍ ያለው ቀሚስ ከነጠላው ጋር ለብሳ እናቴ ወደ አዳራሹ ስትገባ፣ ከየትኛውም የሐር ቀሚስ ያላነሰ ክብር አግኝታለች። ለወንድ እጀ ጠባብ ከሱሪውና ከኩታው ጋር እንዲሁ ነው። ነጠላ ሌላም ጥቅም አለው፤ ውጭው ሙቀት ቢሆንም የእራት አዳራሾቹ በማቀዝቀዣ ስለሚበርዱ ትከሻ መሸፈኛ ያስፈልጋል። የመንዝ በርኖስ ግን፣ ምንም ያህል የክብር ልብስ ቢሆን፣ ለካሪቢያን ጉዞ ክብደቱ ስለማይመች እቤት ይቆይ፤ ወደ ኖርዌይ ወይም ወደ አላስካ ለሚሄድ ሰው ከሆነ በመርከቡ ሰገነት ላይ ለመቆም የሚተካከለው የለም።

ደረጃ 4፦ የሐበሻ ቀሚስ ሳይጨማደድና ቀለሙ ሳይለቅ ማድረስ

ብዙ የምጽፍበት ይህን ነው፤ የወደቅሁት እዚህ ላይ ስለሆነ። በመጀመሪያው ጉዞ የእናቴን ቀሚስ አራት አጥፌ ከጫማ ሥር አስቀምጬ፣ ሲደርስ እንድተኩሰው ካውያ ጨመርኩ። በመርከብ ክፍል ውስጥ ካውያና የእንፋሎት መተኮሻ ለእሳት አደጋ ሲባል የተከለከሉ መሆናቸውን አላወቅሁም ነበርና፣ ሻንጣው ሲፈተሽ ካውያው ተይዞ እስከ ጉዞው መጨረሻ ቆየ። የመጀመሪያው የክብር ምሽት በሁለተኛው ቀን ነበር፤ ቀሚሱ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ተሰባብሯል። ሰው እንደሚመክረው በመታጠቢያው ክፍል ሙቅ ውኃ ለቅቄ በእንፋሎቱ እንዲዘረጋ ሰቀልኩት። ክፍሉ እጅግ ጠባብ ስለነበር የቀሚሱ ጫፍ ከረጠበው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ፣ ቀዩ ጥለት ቀለሙን ለቅቆ ነጩን ፈትል አቀላው። እናቴ ምንም ሳትናገር ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ በዚያ ላይ ሸፈነችው፤ ለእኔ ግን ያ እራት ጉሮሮዬ ላይ ነው የቀረው።

ስለዚህ አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ንጹሕ ነጭ ጨርቅ በውኃ አርሼ ከጥለቱና ከጥልፉ ጀርባ፣ በማይታየው በኩል፣ ጥቂት ደቂቃ ተጭኜ እይዛለሁ። ነጩ ጨርቅ ቀለም ከያዘ ያ ልብስ እርጥበትና እንፋሎት ፈጽሞ አይነካውም። ቀጥሎ ቀሚሱን አስተኩሼ፣ ሙቀቱ እስኪወጣለት አንድ ሌሊት ሰቅዬ አሳድረዋለሁ፤ ከካውያ እንደወረደ የታጠፈ ጨርቅ እጥፋቱን ይይዛልና። ከዚያም ጥልፉ ከሌላ ልብስ ጋር እንዳይተሻሽና ክሩ እንዳይመዘዝ በውስጥ በኩል ገልብጬ በአልጋ ላይ እዘረጋለሁ፤ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ መልሼ በሙሉው ላይ ስስ ነጭ ጨርቅ አልብሼ፣ ከታች ጀምሬ በተጠቀለለ ፎጣ ላይ ሳላጠብቅ እጠቀልለዋለሁ። በእጅ የተሸመነ ጥጥ የሚሰበረው ስለታም እጥፋት ሲያገኝና ክብደት ሲጫነው ነው፤ ጥቅሉ ሁለቱንም ያስቀራል። ወርቃማ ወይም ብርማ ክር ያለበት ጥልፍ በምንም መልኩ መታጠፍ የለበትም፤ አንዴ የተሰበረ ክር በካውያ አይመለስም።

ጥቅሉን በሻንጣው የላይኛው ክፍል አድርጌ ለሦስት ቀን ዘግቼ እተወዋለሁ፤ ከዚያ አውጥቼ አንድ ሌሊት ሰቅዬ አየዋለሁ። ይህ ሙከራ ለብዙዎች ልፋት ሊመስል ቢችልም፣ ስህተቱን ካውያ ባለበት በራስ ቤት ማወቅ በባሕር ላይ ከማወቅ የተሻለ ነው። መርከቡ ላይ እንደደረሱ ከምንም አስቀድሞ ቀሚሱን መስቀል ነው። ከቀረ ስብራት ደግሞ በክፍያ ለሚተኩሰው ለመርከቡ ላውንደሪ መስጠት ወይም፣ አንዳንድ መርከቦች ለተሳፋሪው ካውያ ያለበት የጋራ ክፍል ስላላቸው፣ እዚያ ማስተኮስ ይቻላል። የክብር ምሽት በሚውልበት ቀን ወረፋው ስለሚረዝም ከዋዜማው መስጠት ይገባል።

ደረጃ 5 እና 6፦ ጫማና የእጅ ሻንጣ

ለማታ አንድ የተዘጋ ጥቁር ጫማ ይበቃል፤ መርከቡ ሊወዛወዝ ስለሚችል ረጅም ተረከዝ አልመክርም።

ወደብ ላይ ትልልቆቹን ሻንጣዎች ሠራተኞች ተረክበው ወደ ክፍል ያደርሳሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ግን የሚደርሱት ከእራት በኋላ ነው። የመጀመሪያው ምሽት ብዙውን ጊዜ «ካዡዋል» ቢሆንም፣ አንድ ንጹሕ ቅያሪና መድኃኒት በእጅ ሻንጣ መያዝ የግድ ነው። በመጨረሻው ምሽት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሻንጣዎቹ ከእራት በኋላ በር ላይ ይቀመጡና ሌሊት ተሰብስበው ይሄዳሉ። የማታ ልብሱን ሲጠቀልሉ የጠዋቱን ልብስና ጫማ አስቀድመው ወንበር ላይ ለይተው ያስቀምጡ።