ሜሪላንድ ያላችሁ፣ ኖቬምበርን አትጠብቁ፦ በኮንግረስ ምርጫ የምንደጋግማቸው ስህተቶች

ሲቲዝን የሆንኩ ዕለት ቃለ መሐላውን ጨርሼ ስወጣ በር ላይ የመራጭነት መመዝገቢያ ፎርም ሰጡኝ። እዚያው ቆሜ ሞላሁት። ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀን። ቀጥሎ ፓርቲ ምረጥ ይላል። ዲሞክራት፣ ሪፐብሊካን፣ ሌሎች ትንንሾች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ከየትኛውም ፓርቲ አይደለሁም» የምትል ሳጥን አለች። እጄ ሳያመነታ እሷ ላይ ምልክት አደረገ። አገር ቤት የፓርቲ አባልነት ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቀኝም።

ፕራይመሪው፣ ማለትም ፓርቲዎቹ ለኖቬምበር የሚያቀርቧቸው እጩዎች የሚለዩበት ምርጫ፣ ደረሰ። ከሥራ በቀጥታ ሄጄ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተሰለፍኩ። ወረቀቱ ሲሰጠኝ የትምህርት ቦርድ ተወዳዳሪዎች ብቻ ናቸው ያሉት። ኮንግረስ የለም፣ ሴኔት የለም። ጀርባውን ገለበጥኩት፣ ባዶ። ምርጫ አስፈጻሚዋን «ይሄ ጎድሏል» አልኳት። ስክሪኗን አየችና «አልጎደለም፣ አንተ ፓርቲ የለህም» አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ሰምተዋል። ያን ቀን እንዴት እንዳፈርኩ!

ከዚያ ወዲህ ሰዉን ስጠይቅ ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም። እንግዲህ ቡና ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልጻፋቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

«እኔ ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም»

ይቺ የእኔዋ ናት፣ ከእሷ ልጀምር። የሜሪላንድ ፕራይመሪ ዝግ ነው። የዲሞክራቶችን እጩ የሚመርጠው ዲሞክራት ተብሎ የተመዘገበ፣ የሪፐብሊካኑን ደግሞ ሪፐብሊካን ተብሎ የተመዘገበ ብቻ ነው። ገለልተኛ የሆነ ሰው የሚደርሰው ያ እኔ ያየሁት ዓይነት ወረቀት ነው።

ሰዉ የሚፈራው «አባል» የምትለዋን ቃል ይመስለኛል። አባል ሲባል የሚታየን መዋጮ፣ ስብሰባ፣ ግምገማ ነው። እዚህ ግን ነገሩ መዝገብ ላይ አንዲት ምልክት ናት። መዋጮ የለም፣ የሚጠራችሁም የለም፣ ኖቬምበር ላይ የፈለጋችሁትን ፓርቲ ብትመርጡ የሚቆጣችሁ የለም። ዲሞክራት ተብሎ ተመዝግቦ በኖቬምበር ለሪፐብሊካን ድምፅ የሚሰጥ ሞልቷል። የተገላቢጦሹም አለ።

እውነቱን ለመናገር ግን አንድ ነገር ልጨምር። ፓርቲያችሁ ምን እንደሆነና የትኛው ምርጫ ላይ እንደተገኛችሁ ከመራጮች መዝገብ ይታወቃል። ማንን እንደመረጣችሁ ግን ማንም አያውቅም። ይሄኛው ምስጢር ነው።

«ዋናው ምርጫ ኖቬምበር ነው»

በሕጉ አዎ፣ በተግባር ግን በብዙው ሜሪላንድ አይደለም። ግዛቱ በተወካዮች ምክር ቤት 8 መቀመጫ አለው። በ2024 ምርጫ 7ቱን የወሰዱት ዲሞክራቶች ናቸው። ለሪፐብሊካን የቀረው 1ኛው ዲስትሪክት (የምርጫ ወረዳ) ብቻ ነው፣ የምሥራቁ ዳርቻ፣ የአንዲ ሃሪስ መቀመጫ። በአብዛኞቹ ዲስትሪክቶች ኖቬምበር ላይ የሚሆነው አስቀድሞ ይታወቃል። ሰውየው የሚለየው በፕራይመሪው ነው።

የ2016ን ላስታውሳችሁ። በ8ኛው ዲስትሪክት፣ ማለትም ብዙዎቻችን ባለንበት፣ ክሪስ ቫን ሆለን ለሴኔት ሲወዳደር መቀመጫው ክፍት ሆነ። ዲሞክራቶቹ 9 ሆነው ገቡበት። ጄሚ ራስኪን ያሸነፈው በ34 በመቶ ገደማ ነው። ሁለተኛ ዙር የሚባል ነገር የለም፣ ግማሽ ማለፍም አያስፈልግም፣ ከሌሎቹ መብለጥ ብቻ። ከመረጠው ሰው ሲሶው «እሱ» ስላለ ኖቬምበር ላይ በቀላሉ አለፈ፣ ከዚያ ወዲህም መቀመጫው ላይ አለ። በ2024 ደግሞ 3ኛው ዲስትሪክት ክፍት ሲሆን ከ20 በላይ የዲሞክራት ስሞች አንድ ወረቀት ላይ ተደረደሩ። ሳራ ኤልፍሬዝ ከ40 በመቶ በታች አግኝታ አሸነፈች። ከተሸነፉት አንዱ በ2021 ጃንዋሪ 6 ቀን ካፒቶል፣ የኮንግረሱ ሕንፃ፣ ሲወረር እዚያ የነበረው ፖሊስ ሃሪ ደን ነው፣ በቴሌቪዥን አገር ያወቀው ሰው።

ጀርመንታውን ወይ ጌዘርስበርግ ያላችሁ ግን 6ኛው ዲስትሪክት ስለሆናችሁ ኖቬምበርንም እንዳትንቁ። ዲስትሪክቱ እስከ ምዕራብ ተራሮቹ ድረስ ስለሚዘልቅ ፉክክሩ የእውነት ነው፣ በ2024 ኤፕሪል መክሌይን ዲሌኒ ኒል ፓሮትን ያሸነፈችው በጥቂት ነጥብ ነው። ሴኔቱም በዚያው ዓመት ሰው አሳስቦ ነበር፣ ምክንያቱም ሪፐብሊካኖች ያቀረቡት ሁለት ጊዜ ገዥ ሆኖ የመራውን ላሪ ሆጋንን ነው። እሱም ቢሆን በአንጀላ አልሶብሩክስ በ12 ነጥብ ገደማ ተሸነፈ።

ሌላው ችግር የፕራይመሪው ቀን አለመርጋቱ ነው። በ2016 ኤፕሪል 26 ነበር። በ2018 ጁን 26። በ2020 ለኤፕሪል ተይዞ በኮሮና ምክንያት ወደ ጁን 2 ዞረ። በ2022 የዲስትሪክት ካርታው ፍርድ ቤት ስለደረሰ ጁላይ 19 ሆነ። በ2024 ሜይ 14። ስለዚህ «ባለፈው ጊዜ በዚህ ወር ነበር» ብላችሁ አትቁጠሩ፣ የግዛቱን ምርጫ ቦርድ ድረ ገጽ እዩ።

«ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ይቻላል ብሎኛል»

ለእሱ ይቻላል። ቨርጂኒያ መራጭ በፓርቲ አይመዘገብም። አሌክሳንድሪያ ያለው ወንድምህ ሄዶ የአንዱን ፓርቲ ወረቀት ይጠይቃል፣ ይሰጡታል። አንዳንዴ ደግሞ እዚያ ፓርቲው በፕራይመሪ ፈንታ በራሱ መንገድ እጩውን ይመርጣል። ዲሲ ያለችው እህትህ ደግሞ በምክር ቤቱ ድምፅ የማይሰጥ ተወካይ ነው የምትመርጠው፣ ሴኔት ውስጥ የሚቀመጥላት ሰው የለም። ሦስታችሁ አንድ ዕቁብ ትጥላላችሁ፣ በአንድ ባቡር ትሄዳላችሁ፣ የምርጫ ሕጋችሁ ግን ሦስት ነው። የወንዙን ማዶ ምክር ለወንዙ ማዶ ተዉት።

«ዕለቱን ሄጄ እቀይረዋለሁ»

አትቀይሩትም። የተመዘገበ መራጭ ፓርቲ ለመቀየር የጊዜ ገደብ አለው፣ ከፕራይመሪው 21 ቀን በፊት። በ2024 ምርጫው ሜይ 14 ስለነበር ገደቡ ኤፕሪል 23 ነበር። የሚገርመው ጨርሶ ያልተመዘገበ ሰው በምርጫው ዕለት አድራሻውን የሚያሳይ ማስረጃ ይዞ መጥቶ ተመዝግቦ፣ ፓርቲ መርጦ መምረጥ ይችላል። እኛ ቀድመን የተመዘገብነው ነን የምንቀረው። ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፣ ሕጉ ግን እንደዚያ ነው።

«ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ ስለዚህ ራስኪን ነው የእኔ»

ላይሆን ይችላል። ሲልቨር ስፕሪንግ የራሱ ከንቲባ ያለው ከተማ አይደለም፣ ፖስታ ቤቱ ያሰፋው ስም ነው። ደብዳቤያቸው ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚል አድራሻ ካላቸው ሰዎች ከፊሉ 8ኛው ዲስትሪክት ናቸው፣ ወደ ምሥራቅ ያሉት ደግሞ 4ኛው፣ የግሌን አይቪ። ካርታውም በ2022 ተቀይሯል። አድራሻችሁን አስገብታችሁ እዩት።

ይሄ ለምርጫ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። የቤተሰብ ቪዛ ሲጓተት ወይ የኢሚግሬሽን ፋይል ሲጠፋ የኮንግረስ ተወካይ ቢሮ ይከታተልላችኋል። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ አድራሻ ነው፣ ቀጥሎ ፋይላችሁን እንዲያዩ የምትፈቅዱበት ወረቀት ያስፈርሟችኋል። ለዚህኛው ሲቲዝን መሆን አያስፈልግም። በተቃራኒው ግን ስለ ቤት ኪራይ ጣሪያ ለኮንግረስ ሰው አቤት ማለት ጊዜ ማባከን ነው። በ2023 የሞንትጎመሪን የኪራይ ሕግ ያወጣው የካውንቲው ምክር ቤት ነው።

«ግሪን ካርድ ካለህ ምን ችግር አለው?»

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በኮንግረስ ምርጫ፣ በፕራይመሪውም ጭምር፣ መምረጥ አይችልም። የፌዴራል ወንጀል ነው። አገር ሊያስለቅቅ ይችላል፣ ሲቲዝንነትንም ሊያስከለክል ይችላል። የሲቲዝንነት ማመልከቻው ላይ «መራጭ ሆነህ ተመዝግበህ ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ አለ፣ ልብ በሉ፣ መርጠህ ብቻ ሳይሆን ተመዝግበህ ይላል።

ሰው የሚሳሳተው ክፉ አስቦ አይደለም። በዲቪ የመጣ ልጅ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ይሄዳል። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ቶሎ ቶሎ ትናገራለች፣ ስክሪኑ ላይ ጥያቄ ይመጣል፣ ልጁ ሁሉንም «እሺ» እያለ ያልፋል። ሜሪላንድ ከ2019 ጀምሮ እዚያው ቢሮ ውስጥ ብቁ የሆኑ ሰዎችን መመዝገብን ቀላል አድርጋለች፣ ለሲቲዝን ጥሩ ነው። አዲስ መጤ ግን እያንዳንዷን ጥያቄ ያንብብ፣ ካልገባው ይጠይቅ። የመራጭ ካርድ በስህተት በፖስታ የመጣለት ካለ ካርዱን ቀዶ ከመጣሉም፣ ለማንም ከመደወሉም በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

ውዥንብሩን ያባባሰችው አንድም ታኮማ ፓርክ ናት። እዚያ ሲቲዝን ያልሆነ ነዋሪ የከተማዋን ከንቲባና ምክር ቤት መምረጥ ይችላል፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ። ሌሎችም ጥቂት ትንንሽ ከተሞች እንዲሁ። ያ ለከተማ ብቻ ነው። «እኛ ሰፈር እኮ ይመርጣሉ» የሚለው ወሬ ከዚያ የመጣ ነው።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ምንም አይችልም ማለት ግን አይደለም። በር ማንኳኳት፣ ስልክ መደወል፣ ለእጩ ገንዘብ መስጠት ይችላል። በቱሪስት ቪዛ ያለ ዘመድ ገንዘብ መስጠት አይችልም፣ በእሱ ፈንታ በእናንተ ስም መስጠትም ወንጀል ነው።

«ብር ያለው ነው የሚያሸንፈው»

ዴቪድ ትሮንን ጠይቁት። ሰውየው የመጠጥ መደብሮች ባለሀብት ነው። በ2016 በዚያው በ8ኛው ዲስትሪክት ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ፣ በራስኪን ተሸነፈ። በኋላ በ6ኛው ዲስትሪክት ኮንግረስ ገባ። በ2024 ለሴኔት ሲወዳደር ከራሱ ኪስ ከ60 ሚሊዮን በላይ አፈሰሰ። ቴሌቪዥን ስትከፍቱ እሱ፣ ዩቲዩብ ስትከፍቱ እሱ። አልሶብሩክስ በፕራይመሪው በ10 ነጥብ ገደማ ረታችው። ብር ያስተዋውቃል፣ ግን ወረፋ አይቆምላችሁም።

«የእኔ አንድ ድምፅ ምን ያመጣል?»

ኮንግረስ ባይሆንም ይሄ እዚሁ ፕራይመሪ ላይ የሆነ ነው። በ2018 የሞንትጎመሪ ካውንቲ ኃላፊን ለመምረጥ በዲሞክራቶች መካከል በተደረገው ውድድር ማርክ ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን የቀደመው በ77 ድምፅ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። ድጋሚ ቆጠራ ተደርጎ ልዩነቱ 32 ሆነ። ከሚሊዮን ሕዝብ በላይ ባለበት ካውንቲ 32 ሰው! ይሄ እኮ ለአንድ ክርስትና ድግስ የምንጠራው ሰው እንኳ አይሞላም።

ትንንሾቹ

ሰዓት። ምርጫ ጣቢያው በፈረንጅ ከጠዋቱ 7 እስከ ማታ 8 ነው፣ በእኛ ከጠዋቱ 1 እስከ ምሽቱ 2። አንድ ጎረቤቴ የሆኑ እናት ልጃቸው በስልክ «እስከ 8 ሰዓት ነው» ስትላቸው በሐበሻ ሰዓት ቆጥረው፣ ከቀትር በኋላ አልፎኛል ብለው ነጠላቸውን መልሰው ሰቅለዋል። 8 ሰዓት ላይ ሰልፍ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ማንም አይመልሳችሁም።

ቋንቋ። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው ወላጆች የሚያምኑትን ሰው ይዘው መግባት ይችላሉ። አሠሪያቸው ወይም የሠራተኛ ማኅበራቸው ኃላፊ ግን አይሆንም። ምልክቱን የምታደርጉት እነሱ ያሉትን ነው እንጂ እናንተ የምትወዱትን አይደለም፣ ይቺን ለልጆች ነው የምለው።

መታወቂያ። አብዛኛው ሰው አይጠየቅም። መጀመሪያ ጊዜ የምትመርጡ ከሆነ ግን ያዙት።

ፖስታ። በፖስታ የምትመርጡ ከሆነ ፖስታው ላይ መፈረም አትርሱ። የመጨረሻው ቀን ከደረሰም ካውንቲው ያስቀመጠው ሳጥን ውስጥ በእጃችሁ ክተቱት።

እኔ ፓርቲዬን የቀየርኩት ያኔ ከምርጫ ጣቢያው በተመለስኩ ማግስት ነው፣ በመንጃ ፈቃዴ፣ ኦንላይን፣ ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ። በሚቀጥለው ፕራይመሪ መረጥኩ። ከዚያ በኋላ በመጣው ምርጫ ሰሞን ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። እጩዎቹ ያንን መዝገብ ይዘው ፕራይመሪ የሚመርጥ ሰው ያለበትን ቤት ብቻ ነው ለካ የሚያንኳኩት። አንድ ወጣት ወረቀት ይዞ ቆሟል፣ ስሜን ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቱንም አበላሸው። «ግባ» አልኩት። ቁጭ ብሎ ሁለተኛውን ሲኒ እስኪጠጣ ድረስ ስለ ቪዛ መጓተት፣ ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለ ወንድሜ ፋይል ለፈለፍኩለት። ሁሉንም ጻፈ።