የጉሎ ዘይትና ከእሱ የሚሠሩ ነገሮች፦ ከንፈር፣ ጸጉርና ዓይን ላይ የምንሳሳታቸው

ታናሽ እህቴ ከንፈሯ እየተላላጠ ለወራት ተቸገረች። ብርድ ነው ተባለ። ውኃ ስለማትጠጪ ነው ተባለች። ሊፕስቲኳን ሦስቴ ቀየረች፤ ምንም ለውጥ የለም። አንድ ቀን ማታ ሦስቱንም ጠረጴዛ ላይ ደርድረን በካርቶኑ ጀርባ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በስልክ መብራት ማንበብ ጀመርን። የሦስቱም ዝርዝር የሚጀምረው በአንድ ስም ነው፤ ሪሲነስ ኮሚዩኒስ። ጉሎ ማለት ነው። ያው በየጓሮው የሚበቅለው፣ ፍሬው ምጣድ የሚታሽበት ጉሎ።

«የተፈጥሮ ነው፣ አያስቆጣም» ማለት

የጉሎ ዘይት ሊፕስቲክ ውስጥ የሚበዛው ወፍራም ስለሆነ ነው። ቀለሙን አቅፎ ይይዛል፣ ከንፈር ላይም ያብለጨልጫል። ከዘይቱ ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ሪሲኖሌይክ አሲድ የሚባል የቅባት አሲድ ነው። ብዙ ሰው ምንም አይሆንም። ጥቂት ሰዎች ግን ለዚህ ነገር አለርጂ አላቸው። ከንፈራቸው ይቀላል፣ ይሰነጠቃል፣ ይላላጣል።

ችግሩ፣ ዕቃ ስንቀይር የምንቀይረው ቀለሙንና ስሙን ብቻ መሆኑ ነው። ዘይቱ ያው ነው። እህቴ በመጨረሻ የቆዳ ሐኪም ጋ ሄዳ ፓች ቴስት ተሠራላት። ጀርባዋ ላይ ትናንሽ ፕላስተሮች ተለጥፈው 48 ሰዓት ቆዩ። የጉሎው ቦታ ቀልቶ ተገኘ። ጉሎ የሌለበት የከንፈር ቅባት ስትጀምር ቁስሉ ቀስ በቀስ ደረቀ።

እናንተም አዲስ ነገር ስትገዙ መጀመሪያ ክርናችሁ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ጥቂት ቀቡ። በቀን ሁለቴ ለአንድ ሳምንት ያህል ሞክሩት። አለርጂ አንዳንዴ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ የአንድ ቀን ሙከራ አይበቃም።

ረጅሙን ስም አይቶ መደንገጥ

«ፔግ-40 ሃይድሮጄኔትድ ካስተር ኦይል» የሚለውን አይተው ዕቃውን የሚጥሉ አሉ። ስሙ ያስፈራል፣ ሥራው ግን ቀላል ነው። ዘይቱ ላይ ሃይድሮጂን ሲጨመር እንደ ሰም ይጠነክራል። ፔግ የሚባል ውኃ የሚወድ ኬሚካል ሲጨመርበት ደግሞ ዘይትና ውኃን ያስታርቃል፤ ሜካፕ ማስለቀቂያ ውኃ ውስጥ የምታገኙት ለዚህ ነው። ዚንክ ሪሲኖሌት የሚባለው የብብት ጠረን ይይዛል፣ ስለዚህ ዲዮድራንት ውስጥ ይገባል። አሜሪካ ውስጥ የመዋቢያ ግብዓቶችን የሚገመግመው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 የጉሎ ዘይትን፣ ሃይድሮጂን የተጨመረበትንና ሪሲኖሌይክ አሲድን ፈትሾ፣ ለመዋቢያ ቢውሉ ችግር የለም ብሏል።

የፔግ ዓይነቶቹ ላይ አንድ እውነተኛ ጥያቄ አለ። ሲሠሩ 1፣4-ዳይኦክሴን የሚባል ቅሪት ውስጣቸው ሊቀር ይችላል። ይህ ነገር ካንሰር ያመጣል ተብሎ ይጠረጠራል። ጥሩ አምራች ቅሪቱን በቫኪዩም ስቦ ያወጣዋል። የኒውዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በመዋቢያ ውስጥ ከሚሊዮን ክፍል ከ10 በላይ እንዳይገኝ ከልክላለች። ቅሪት ስለሆነ ካርቶኑ ላይ አይጻፍም። ለዚህ ነው አምራቹ የማይታወቅ ርካሽ ዕቃ የማልገዛው። የቆሰለ ወይም የተቃጠለ ቆዳ ላይም ፔግ ያለበትን ነገር አልቀባም።

ፔግ-35 ከሚባለው ሌላ ዓይነት የጉሎ ዘይት ጋር የተያያዘ ከባድ አለርጂም አለ፤ እሱ ግን የመጣው ፓክሊታክሴል ከሚባለው የካንሰር መድኃኒት ጋር በደም ሥር ሲሰጥ ነው። ክሬም መቀባት ከዚያ ጋር አንድ አይደለም።

ጸጉር ላይ ማፍሰስ

ጸጉር ያበቅላል ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ይህን የሚያረጋግጥ ጠንካራ ጥናት የለም። የጸጉሩን ጫፍ ያለሰልሳል፣ ያብለጨልጨዋል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በጣም ወፍራም ነው። ረጅም ጸጉር ላይ ብዙ አፍስሳችሁ፣ አናት ላይ ሰብስባችሁ፣ በሙቅ ውኃ እያሻችሁ ስታጥቡት እርስ በርሱ ተጠላልፎ እንደ ድንጋይ ሊደርቅ ይችላል። ሐኪሞች ይህን መዝግበዋል፤ መፍትሔው መቀስ ሆኗል። ስለዚህ በቀለለ ሌላ ዘይት አቅጥኑት። ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ስታጥቡ ጸጉሩን ወደ ታች ልቀቁት፣ አትሹት።

ዓይን ውስጥ መጨመርና መጠጣት

ፋርማሲ የሚሸጡ አንዳንድ የዓይን ጠብታዎች የጉሎ ዘይት አላቸው። እነሱ ከጀርም ነፃ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። የጸጉር ዘይት ጠርሙስ ግን እንዲያ አይደለም። ሽፋሽፍት ላይ የሚቀባውም ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ቢቀር ይሻላል። መጠጣቱ ደግሞ ሆድ ያስቀምጣል፤ በነፍሰ ጡር ላይ ምጥ ሊያመጣ ስለሚችል ያለ ሐኪም ፈጽሞ አይሞከርም።

ጠርሙሱን ፈርቶ ፍሬውን አለመፍራት

በጣም የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። «ጉሎ መርዝ አለው» ብለው የፋብሪካ ክሬም የሚሸሹ ሰዎች፣ ጥሬውን ፍሬ ቤት ወቅጠው ጨምቀው ፊታቸውን ሲቀቡ አያለሁ። መርዙ ሪሲን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1978 ቡልጋሪያዊው ጸሐፊ ጆርጂ ማርኮቭ ለንደን ውስጥ የተገደለው በእሱ ነው። ሪሲን ፕሮቲን ነው፤ ውኃ ውስጥ እንጂ ዘይት ውስጥ አይሟሟም። ፍሬው ሲጨመቅ ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ፋብሪካ ደግሞ በሙቀት ይገድለዋል፣ ዘይቱንም ያጣራል። ቤት የተወቀጠው ግን ሳይጣራ ፍርፋሪውን ይዞ ነው የሚወጣው። ብናኙም ለአስም ታማሚ አይመችም።

ጓሯችሁ ጉሎ ካለ ፍሬውን ልጅ ከማይደርስበት አርቁ። ዥጉርጉርና የሚያብለጨልጭ ስለሆነ ልጆችን ይስባል። ልጅ አኝኮ ካገኛችሁት ትውከት እስኪጀምረው አትጠብቁ፤ የቀረውን ፍሬ በላስቲክ ይዛችሁ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ።