ቢራ ኩላሊት አያጥብም

ወገቡን የወጋው ሰው ሁሉ «ኩላሊቴን» ይላል። ብዙ ጊዜ የታመመው ግን ጡንቻው ወይም አከርካሪው ነው። ኩላሊት ጠጠር ወይም ኢንፌክሽን ካልገጠመው በቀር ሲጎዳ ድምፅ የለውም፤ ግማሽ አቅሙ አልቆ እንኳ ባለቤቱ ሥራ ውሎ ይገባል። ሕመም እስኪመጣ መጠበቅ፣ እንግዲህ፣ የመጀመሪያው ስህተት ነው።

ቀጣዩ ስህተት ቢራው ነው። «ሁለት ቢራ ጠጣ፣ ኩላሊትህን ያጥብልሃል» ተብሎ የማያውቅ ጎልማሳ ያለ አይመስለኝም። ቢራ ሽንት ማብዛቱ እውነት ነው። የሚያበዛው ግን አልኮሉ ኩላሊት ውኃ እንዲቆጥብ የሚያዘውን ሆርሞን ስለሚገታው ነው፤ በማግስቱ አፍ የሚደርቀውም ለዚሁ። ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ አጣርቶ፣ አንድ ሁለት ሊትሩን ብቻ በሽንት አስወጥቶ ሌላውን ወደ ደም ይመልሳል። አጣቢው እሱ ራሱ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የማስታገሻ ነገር ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለወገብም፣ ለጉልበትም፣ ለራስ ምታትም ሐኪም ሳያያቸው ይዋጣሉ። እነዚህ መድኃኒቶች የኩላሊትን የደም ሥሮች ዘና የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ስለሚቀንሱ፣ ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ያንሳል። ጤነኛ ሰው ለአንድ ሁለት ቀን ቢወስዳቸው ብዙም ላይጎዳ ይችላል። ግፊት ላለበት፣ ዕድሜው ለገፋ፣ ወይም ተቅማጥና ትውከት ውኃውን ለጨረሰበት ሰው ግን አደጋ ነው። «ኩላሊቴን አመመኝ» ብሎ ለወገቡ ዳይክሎፌናክ ሲውጥ የሚከርም ሰው ደህናውን ኩላሊት በእጁ ያሳምመዋል።

ግፊት የሚጨምረው ጨውም አለ፦ በርበሬው ውስጥ አለ፣ ሚጥሚጣው ውስጥ አለ፣ ከዚያ ደግሞ ወጡ ላይ ይነሰነሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ቡናውን በጨው ለለመደ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

«አሁን ተሽሎኛል» ብሎ የግፊት ክኒን ማቆምም አለ። የተሻለው በክኒኑ ነው! ኩላሊትን ቀስ በቀስ ከሚያደክሙት ዋናዎቹ ስኳርና ግፊት ናቸውና እነዚህ ያሉበት ሰው ቢያንስ በዓመት አንዴ ይመርመር። ምርመራው ላይም አንድ ስህተት አለ፦ የደም ክሬአቲኒን (ኩላሊት ከደም አጣርቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ) ብቻ ታይቶ «ደህና ነህ» ሲባል ደስ ብሎ መሄድ። የሽንቱም ፕሮቲን ይታይልኝ ይበሉ፤ በተለይ የስኳር ሕመም ላለበት ሰው፣ ክሬአቲኒኑ ገና ከፍ ሳይል ፕሮቲኑ ሽንቱ ውስጥ ቀድሞ ሊገኝ ይችላል።