የገና ኩኪስ አልሳካ ሲል፦ ችግሩና መፍትሄው

ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ የምትጋግረው ኩኪስ ወፈር ያለ፣ መሀሉ ለስላሳ፣ ጠርዙ ብቻ ቡናማ ነው። አሠራሩን በስልክ ላከችልኝ፤ እኔም ግራም ሳላዛንፍ አዲስ አበባ ላይ ጋገርኩት። ኦቨኑን ስከፍት አሥራ ሁለቱም ተያይዘው ትሪውን የሸፈነ አንድ ስስ ቂጣ ሆነዋል። ጥፋቱ የእጄ እየመሰለኝ ሁለት ገና አለፈ። ለካ አሠራሩ የተጻፈው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ለማይል አገር ነው። ከዚያ ወዲህ ሲበላሽብኝ ሊጡን መውቀስ ትቼ ምልክቱን ማየት ጀመርኩ። ለበዓሉ ለመጋገር ላሰባችሁ ከታች ያለው ይጠቅማችኋል።

ተዘርግቶ ተያያዘ

ደጋ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ውኃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ ከልክ በላይ ይነፋል፤ ሊጡ ሳይጸና ይነሳና ይወድቃል። ውኃው ደግሞ ቶሎ ስለሚተን ስኳሩ ይበዛበትና ሊጡን ያላላዋል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ሁለት ኩባያ ፉርኖ ዱቄት በሚጠይቅ አሠራር ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት እጨምራለሁ። ከእያንዳንዱ ኩባያ ስኳር ሁለት የሾርባ ማንኪያ እቀንሳለሁ። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ካለ ግማሹን ብቻ አደርጋለሁ። ኦቨኑን 180 ከሚለው ወደ 190 ዲግሪ ከፍ አድርጌ፣ ከተባለው ሁለት ደቂቃ ቀደም ብዬ ማየት እጀምራለሁ። ድሬዳዋ ያላችሁ ይህ ሁሉ አያስፈልጋችሁም፤ አንድ ማንኪያ ዱቄት ይበቃል፣ የእናንተ ጣጣ የቅቤው መቅለጥ ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ከተዘረጋ ቅባቱን መርምሩ። ለስላሳው የዳቦ ማርጋሪን ውኃ ይበዛዋል። ከገበያ የመጣ ለጋ ቅቤም አሬራ ይዞ ይመጣል፤ በቀዝቃዛ ውኃ አጥባችሁ ጨምቁት። ቅቤው ጣት ሲጫነው የሚሰረጉድ እንጂ የሚያብለጨልጭ መሆን የለበትም። ድቡልቡሉን ሊጥ አንድ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። ትሪውም ከፊተኛው ዙር የሞቀ ከሆነ ሊጡ ገና ሳይገባ መቅለጥ ይጀምራል፤ ቀዝቅዞ ይግባ።

ደግሞ ይህን አትዝለሉ፦ መጀመሪያ አንድ ኩኪስ ብቻ ጋግሩ። አንዷ ከተዘረጋች በቀረው ሊጥ ላይ አንድ ማንኪያ ዱቄት ጨምሩና ሌላ አንድ ሞክሩ። አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ቅቤና እንቁላል በዚህ ዋጋ ተገዝቶ ግን ሙሉ ትሪ ከሚጣል ይሻላል።

ሥሩ አሮ ላዩ ነጭ ቀረ

የብዙ ቤት ኦቨን ሙቀቱ ከታች ይበረታል። ስስና ጥቁር ትሪ ደግሞ ያንኑ ሙቀት ሰብስቦ ለኩኪሱ ሥር ይሰጠዋል። ሁለት ትሪ አንዱን በአንዱ ላይ ደርባችሁ ተጠቀሙ፣ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፉ፣ መሀለኛው እርከን ላይ አስገቡ፤ ሁለት እርከን ላይ በአንድ ጊዜ አትጋግሩ።

ሥሩም ላዩም ገርጥቶ ከቀረ ነገሩ ሌላ ነው። የበዓል ዋዜማ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ፣ በየቤቱ ምጣዱም ምድጃውም ሲሰካ የመብራቱ ኃይል ይወርዳል፤ አምፖሉ ሲደበዝዝ ኦቨኑም አብሮ ይደክማል። በዚያ ሰዓት ደቂቃ ብትጨምሩለት ይደርቃል እንጂ አይቀላም። የሚያዋጣው ሊጡን ማታ አቡክቶ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቶ መጋገር ነው። ኦቨኑ ባዶውን ሃያ ደቂቃ ይሙቅ፤ በሩን ቶሎ ቶሎ አትክፈቱ።

የጾሙ ኩኪስ ይፈረፈራል

ጾሙ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ስለሚቆይ፣ ከበዓሉ በፊት ለጎረቤትና ለመሥሪያ ቤት የሚወሰደው ኩኪስ ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል የተሠራ ነው። የሚፈረፈረው የሚያያይዘው እንቁላል ስለሌለ ነው። መድኃኒቱ ጓዳችን ውስጥ አለ፤ ተልባ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ለብ ያለ ውኃ በጥብጡና አሥር ደቂቃ ተዉት። ማንኪያውን ስታነሱት እንደ እንቁላል ነጭ ከተዝለገለገ ደርሷል፤ አንድ እንቁላል ይተካል። ለመጠጥ በደንብ የተቆላው ጣዕሙ ስለሚጫን ጥሬውን አመስ አድርጋችሁ ፍጩት።

በቅቤ ፋንታ ዘይት ስታደርጉ መጠኑን እኩል አታድርጉ፤ ቅቤ ውስጥ ውኃም ስላለ ለ100 ግራም ቅቤ 80 ግራም ዘይት ይበቃል። ዘይቱ ሊጡ ላይ ወዝቶ ከታየ በዝቷል ማለት ነው፤ የተፈጨ ኦቾሎኒ ጨምሩበት፣ ይመጠዋል። የሚረጋው የፓልም ዘይት በታኅሣሥ ብርድ እንደ ቅቤ ስለሚጠነክር ኩኪሱን ቅርጽ ያስይዘዋል።

ማርጋሪን ሁሉ የጾም አይደለም። ወተት የገባበት ስላለ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ ለጾመኛ አትስጡ። ቸኮሌትም እንደዚያው።

የፍስኩን ደግሞ ዋዜማ ላይ ስትጋግሩ ራሳችሁ ጾመኛ ናችሁና መቅመስ አትችሉም። ስለዚህ ጨውና ስኳሩን በእጅ ግምት ሳይሆን በማንኪያ ለኩ። እኛ ቤት ቀማሹ የስድስት ዓመቱ ልጄ ነው፤ አንድ ጊዜ ፊቱን አጨማዶ ትሪውን ወደ እኔ ገፋው፣ ለካ ጨው ሁለት ጊዜ ጨምሬ ኖሯል።

እንደ ድንጋይ ጠነከረ

እጃችን ዳቦ ማሸት ስለለመደ ኩኪሱንም እናሸዋለን። ዱቄቱ ሲታሽ ይሳሳባል፣ ሲጋገር ይደርቃል። ዱቄቱ እስኪጠፋ ብቻ አዋህዱትና እጃችሁን አንሱ። ዱቄቱንም ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ነክራችሁ አትዝገኑ፤ ተጠቅጥቆ ይበዛል። በማንኪያ እየሞላችሁ በቢላ ጠርዝ አስተካክሉት።

ሌላው ስህተት መሀሉ እስኪጠነክር መጠበቅ ነው። ጠርዙ ወርቃማ ሆኖ መሀሉ ገና ለስላሳ ሳለ አውጡት፤ ትሪው ላይ አምስት ደቂቃ ሲቆይ ራሱ ይጸናል። ከጠነከረ በኋላ ደግሞ ቁራሽ ዳቦ አብሮት ቆርቆሮ ውስጥ ይደር፤ ጠዋት ላልቶ ታገኙታላችሁ።

የቅቤ ወጥ ሸተተ

በቅመም የተነጠረ ቅቤ ገብቶበታል። ከኮሰረት ጋር የተነጠረ ቅቤ ኩኪስ ውስጥ ቦታ የለውም። ኮረሪማ ከወደዳችሁ ብቻዋን፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ፈጭታችሁ ጨምሩ፤ ከቡና ጋር ትስማማለች።

ስናድለው ላመ፣ ሽንኩርት ሸተተ

ትኩሱን ፌስታል ውስጥ ስታስሩት እንፋሎቱ ተመልሶ ያርሰዋል። አንድ ሰዓት ሙሉ ይብረድ። ዶሮው የሚሠራበት ማድ ቤት ውስጥም አታሳድሩት፤ ቅባት ያለበት ነገር የቁሌት ሽታ ይስባል። ክዳኑ የሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ አድርጋችሁ መኝታ ቤት አኑሩት። የላመውን 150 ዲግሪ ላይ አምስት ደቂቃ አሙቁት።

ለሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ የምትልኩ ከሆነ ፈሳሽ ቫኒላ አልኮል ያለበት ሊሆን ስለሚችል የዱቄቱን ተጠቀሙ። የጾሙንና የፍስኩን በአንድ ሳህን አትደባልቁ። እኔ የጾሙን ላዩ ላይ ሰሊጥ ነስንሼበት እለየዋለሁ፤ በር ላይ የሚቀበል ልጅ «የትኛው ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ለእናቱ ይነግራታል።