እንጨቱን ከመብሳታችሁ በፊት ካርቶን ብሱ

ለድሮ ጌሞች ተንቀሳቃሽ የአርኬድ (በሳንቲም የሚሠራ የጌም ማሽን) ዓይነት መቆጣጠሪያ የምትሠሩ፣ በጣት የሚጫኑትን ቁልፎች ቦታ በማስመሪያ ብቻ ለክታችሁ እንጨት አትብሱ። መጀመሪያ ወፈር ያለ ካርቶን ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች ቁረጡ (የአሜሪካኖቹ ዓይነት ቁልፍ ወደ 28 ነው)። በጎናቸው የፕላስቲክ ጥርስ ያላቸው ቁልፎች ካርቶኑንም ነክሰው ይይዛሉ። ሽቦውን አገናኙና ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት ተጫወቱ። ጣት የማይደርስበት ቁልፍ ካለ፣ ወይም ጠርዙ የእጃችሁን አንጓ ከቆረቆረው፣ ያኔ ይታወቃል፤ እኔ ስድስቱን የስትሪት ፋይተር (የድብድብ ጌም) ቁልፎች ሦስቴ አዛውሬያለሁ። ከዚያ ያንኑ ካርቶን እንጨቱ ላይ ለጥፋችሁ በእሱ ልክ ብሱ።

ጆይስቲኩን (አቅጣጫ የምታዙበትን ዘንግ) ግን ካርቶን አይችለውም፤ ቁራጭ እንጨት ላይ በብሎን እሰሩት። ፓክማን ብቻ ለሚጫወት ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልገውም፤ ጨዋታው በጆይስቲክ ብቻ ነው።