የቢጫ ወባ ካርዴ ላይ የተጻፈው ቀን

ካምፓላ ልሄድ ነበር። ኡጋንዳ የቢጫ ወባ ካርድ ትጠይቃለች፤ ክትባቱን ቀደም ብዬ ተወግቻለሁ። ትኬት ቢሮ ካርዱን ሳሳይ ልጅቷ ግራ ተጋባች። «5/2/2017» ይላል። ፓስፖርቴ ግን የወጣው በፈረንጆቹ 2022 ነው። ታዲያ የፓስፖርቴ ቁጥር እንዴት 2017 የሚል ካርድ ላይ ተገኘ? ለካ ቀኑ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ጥቅምት 5።

መጀመሪያ እስክሪብቶ አውጥቼ ሰረዝኩና የፈረንጁን ቀን ከጎኑ ጻፍኩ። ባሰበት። ስርዝ ድልዝ ካርዱን ውድቅ ሊያደርገው እንደሚችል እዚያው በደቃቅ ፊደል ተጽፏል (ማን ያነባል!)። ቱሉ ዲምቱ፣ ሰፈሬ ያለ ክሊኒክ ሄድኩ፤ እኛ ጋ ይሄ ካርድ የለም አሉኝ። እንደገና ልወጋ ብዬ አሰብኩ። ግን አዲስ ክትባት የሚጸናው ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ በረራዬ 6 ቀን ቀርቶታል።

የሠራልኝ ይሄ ነው። በጠዋት ሚኒባስ ይዤ ወደተከተብኩበት ቦታ ተመለስኩ። የተበላሸውን ካርድና ፓስፖርቴን አቀረብኩ። «ሲስተር፣ እባክዎ መዝገቡ ላይ ይፈልጉልኝ» አልኩ። ስሜም የክትባቱ ባች ቁጥርም ተገኘ። በአዲስ ካርድ 15 ኦክቶበር 2024 ብለው፣ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በፊደል ጻፉልኝ። ፈርመው ማህተም መቱበት። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እፍ አልኩበት። 10 ቀኑ የሚቆጠረው ከተወጋሁበት ቀን ስለሆነ መጠበቅ አላስፈለገኝም። ከመውጣቴ በፊት እዚያው ቆሜ ስሜን ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አመሳከርኩ።